ቀይ ወረቀት የተላጠበት ወንበር

ዓይኗን ጨፍናለች እንጂ አልተኛችም። መጋረጃው ግጥም ብሎ ተዘግቷል፤ በዚህ ሰሜን አገር ኅዳር ሲገባ ጀምበር የምትወጣው ሰው ሁሉ ሥራውን ከጀመረ በኋላ ነው፣ ያምሮት ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ የስፖርት አዳራሽ ስትወለውል አድራ ቀን የምትተኛ ሰው ናት፣ ዛሬ ግን ጎኗ ፍራሹን እንቢ ብሎታል፣ ትገላበጣለች፣ ስልኩን ታነሳለች፣ ታስቀምጣለች፣ መልሳ ታነሳለች። የስልኳን ሰዓት በአገር ቤት አቆጣጠር ነው የምትሞላው። አምስት ተኩል ይላል። በስምንት ሰዓት ፍኖተ ሰላም ላይ፣ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት፣ ወንድሟ ገነነ እሷ በላከችለት የውድድር ወንበር ላይ ወገቡንና ጉልበቱን ታስሮ ወደ ማንኩሳ የሚወስደውን ቁልቁለት በውድድር ይወርዳል። ሁለት ሰዓት ተኩል ቀርቷል። በሁለት ሰዓት ተኩል ሰው ስንት ነገር ያደርጋል፣ እሷ ግን ብርድ ልብስ እስከ አገጯ ስባ ጣሪያ ታያለች።

ነገሩን የሰማችው ጧት ነው፣ ከአዳራሹ ልትወጣ ካፖርቷን ስትለብስ። በሩ አጠገብ የሚጣል ዕቃ የሚሰበሰብበት ጥግ አለ፣ እዚያ ባለ ሦስት ጎማ የውድድር ወንበር ቆሟል፣ ቀይ ወረቀት ተለጥፎበታል። አልፋው መሄድ ትችል ነበር፤ አራት ወር ሙሉ እንዲህ ያለውን ቀይ ወረቀት ፊቷን እያዞረች አልፋዋለች። ዛሬ ምን እንደነካት እንጃ፣ ቆመችና የአዳራሹን አሠልጣኝ ሊሳን ጠየቀቻት። ሊሳ የያምሮትን ጣት ያዘችና የፊተኛዋን ትንሽ ጎማ በያዘው ብረት ላይ አስኬደቻት። ፀጉር የምታህል መስመር። ጣት ካልነገረው ዓይን የማያያት።

«ተሰንጥቋል፣ ወረቀቱ ማንም አይቀመጥበት ማለት ነው» አለች ሊሳ። «ለስላሳ ወለል ላይ ሊሸከም ይችላል። ወር፣ ሁለት ወር፣ ከዚያም በላይ። ቁልቁለት ላይ ግን በአንዴ ነው። ጎማው ለብቻው ይሄዳል፣ ሰውየው በፊቱ ይወርዳል። የታሰረ ስለሆነ እጁን እንኳ አያስቀድምም።»

ከዚያ ሊሳ ሳቀች፣ «ምነው ገረጣሽ? ይኼኛው እኮ ማንንም አልጣለም» አለች።

ይኼኛው።

ያንኛው፣ ለገነነ የላከችው፣ በሐምሌ ነበር። ከአዳራሹ ጀርባ፣ የሚጣለውን የሚያነሳው መኪና ማክሰኞ ይመጣል፣ እሷ ሰኞ ጧት አየችው፤ የተጣለ ነው፣ ማንንም አልሰረቀችም፣ ይህን ለራሷ ስንት ጊዜ ነገረችው። ቀይ ወረቀቱ ላይ አንድ ቃል ነበር። ቃሉን አላወቀችውም። መዝገበ ቃላት ትራሷ ሥር ነበር፣ አልከፈተችውም። በፈላ ውሃ አርሳ በቢላዋ ጫፍ ላጠችው፣ ምክንያቱም ለወንድም የሚላክ ስጦታ የሌላ ሰው ጽሑፍ ተለጥፎበት አይሄድም፣ ምክንያቱም ጉምሩክ ይጠይቃል፣ ምክንያቱም፣ ምክንያቱም። ከወረቀቱ ሥር ቀጭን መስመር አየች፣ ጭረት ነው አለች፣ አረንጓዴ ቀለም ገዝታ ቀባችው። ሁለት ጊዜ ቀባችው። ስንጥቁን በገዛ እጇ ነው የደፈነችው፣ ዓይን እንዳያየው፣ ጣትም እንዳያገኘው፣ ከዚያ ጎማዎቹን ፈትታ በካርቶን አሽጋ ለሠርግ ወደ ቡሬ ለሚሄድ ሰው ሰጠች፣ በሳምንቱም እናቷ እማዋይሽ በስልክ እልልታ አሰማቻት። «ገዛሽለት ልጄ? ስንት ወር ለፍተሽ ገዛሽለት?» «ገዛሁለት እማየ።» አንድ ቃል ናት። ገዛሁለት። ከዚያ ወዲያ ያንን ቃል የሚመልሰው የለም።

አምስት ሰዓት ከአርባ።

ገነነን የልጅነት ልምሻ እግሩን የወሰደበት በሦስት ዓመቱ ነው፣ እሷ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፣ ከዚያ ጀምሮ ጀርባዋ የሱ ነው፣ በጀርባዋ ትምህርት ቤት ታደርሰዋለች፣ ከትምህርት ቤት ወደ ሜዳ ታወርደዋለች፣ ልጆቹ ኳስ ሲጫወቱ የጎሉ አንድ ቋሚ ድንጋይ ነው፣ ሌላው ቋሚ ገነነ ነው። እዚያ አስቀምጣው ውሃ ልትቀዳ ትሄዳለች። ስትመለስ በቂጡ እየተንፏቀቀ ጎሉን አጥብቦት ታገኘዋለች፣ የተጋጣሚው ልጆች እየጮሁ፣ «ቋሚው ተንቀሳቀሰ! ይኼ ቋሚ ሌባ ነው!» እያሉ፣ እሱ ፊቱ አቧራ ለብሶ እየሳቀ። ኳስ አገጩን መትቶት ያውቃል፣ ደም በደም ሆኖ፣ ዳኛው ቋሚ መታ ብሎ ጎሉን ሻረው፣ ገነነ ያንን ጎል አዳንሁ ብሎ ዓመት ሙሉ አወራው። ትልቅ ሰው ሆኖም ሜዳው ዳር መቀመጥ አልተወም። ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ያያል።

የዚህን አገር አዳራሽ መጀመሪያ ያየች ቀን ፈርታ መወልወያዋን ይዛ ግድግዳ ተጠግታ ነበር። እግር የሌላቸው ሰዎች በወንበር እየተላተሙ ኳስ ይነጣጠቃሉ፣ ይወድቃሉ፣ ማንም እየሮጠ አያነሳቸውም፣ ራሳቸው ይነሳሉ። ዓይነ ስውራን ወለል ላይ ተጋድመው ደወል ያለባትን ኳስ ያድናሉ። አንዲት አሮጊት በማሽን በተንጠለጠለ መቀመጫ ወደ መዋኛ ገንዳው ትወርዳለች፣ ያምሮት ትሰምጣለች ብላ ልትጮህ ስትል አሮጊቷ ውሃውን በእጇ እየመታች ትስቃለች። ያኔ ቋሚው ትዝ አላት። ገነነ በዚህ ወለል ላይ ቢለቀቅ፣ አለች። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ክፋቱ የት ላይ እንደገባበት ነው የማታውቀው።

ወንበሩ ደርሶት ሜዳው ዳር መቀመጥ ቀረ። ዙሪያውን ይነዳል። መጀመሪያ ብቻውን፣ ከዚያ ታከለ መጣ፣ ዓይኑ የማያይ፣ ከሚያይ ሰው ጋር አንድ ገመድ ይዞ የሚሮጥ፤ ከዚያ በምርኩዝ የሚሄደው ተስፋው፣ ከዚያ ሌሎች፣ አሁን አሥራ አንድ ሆነዋል፣ በሳምንት ሁለት ጧት ውሃ የተሞላ ጀሪካን ያነሳሉ፣ ወንበሩንም ተራ በተራ ይነዱታል፣ ተራ በተራ፣ ይህን ሲነግራት ደስ ብሏት ነበር። አሁን አሥራ አንድ ፊት ይመጣባታል፣ አሥራ አንዱም ወደ አስፋልቱ ሲደፋ። የአካል ጉዳተኞች ቀን ትናንት ነበር፣ ለገበያው ሲባል ውድድሩን ወደ ዛሬ እሁድ አዛወሩት፤ አንድ ቀን በሕይወቱ ተጨመረለት ማለት ነው እንዲህ ሲታይ።

የገነነ ስልክ አይጠራም። ደንበኛው ከአገልግሎት ክልል ውጭ መሆኑን የምትነግረው ሴት አሥር ጊዜ ነገረቻት። ለናዚፋ ደወለች። ናዚፋ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት የምትነግድ፣ አብረው የተማሩ፣ አፏ የማይታሰር ጓደኛዋ ናት።

«አንች የበረዶ እመቤት! ደርቃ ቀረች ብየ ሰው ልልክልሽ ነበር።»

«ናዚፋ፣ ገነነ የት ነው?»

«የት ይሆናል፣ ይኸው ከሱቄ ፊት ነዋ። እንደ ሙሽራ ከበውታል። አዲስ ካናቴራ ለብሷል፣ ቁጥር አንድ ብለው ጽፈውለታል፣ ገና ሳይሮጥ።»

«ስልኩ አይሠራም።»

«መብራት ከጠፋ ሁለት ቀናችን ነው፣ የማን ስልክ ይሠራል? የኔን በጄኔሬተር ነው የሞላሁት፣ ሰልፍ ይዘውበታል። ምን ሆነሽ ነው ድምፅሽ?»

አሁን ነው። አፏ ላይ ደርሷል። ወንበሩ ተሰንጥቋል፣ የተጣለ ነው፣ አልገዛሁትም። ሦስት ነገር ነው። ግን ናዚፋ ሱቅ ውስጥ ከአሥር ሰው በላይ ቆሟል፣ ጫጫታቸው ይሰማታል፣ ምሽት ላይ ወሬው ቤት ለቤት ይዞራል፣ እናቷ በሰንበቴው ላይ በልጇ ስም ተመርቃለች፣ ልጅሽ ትባረክ ተብላ፣ ሕዝብ አሜን ብሎ፣

«ክፉ ሕልም አየሁበት» አለች ያምሮት።

በነሱ ቤት ክፉ ነገር በቀጥታ አይነገርም። አባቷ የማይድን መሆኑን ሐኪሙ የነገራት ቀን እማዋይሽ ለጎረቤት ያለችው ሌላ ነገር አልነበረም፣ «ጥርሴ ሲወልቅ አየሁ» ብቻ ነው ያለችው፣ ጎረቤቱም ገባው፣ ድንኳኑን ማሰናዳት ጀመረ። ሰሚ ያለበት አገር ነው። ይገባቸዋል። ያምሮት ይገባቸዋል ብላ ተስፋ አደረገች።

«አዑዙ ቢላህ!» የናዚፋ ድምፅ ወደቀ። «ምን አየሽ?»

«ከወንበሩ ሲወድቅ። የፊተኛዋን ጎማ የያዘው ብረት ሲሰበር። በፊቱ። አይንዳ ዛሬ በይው።»

«ሄድሁ። አትዝጊው… አይ ዝጊው፣ ካርድሽን አትጨርሽ። ደውይልኝ።»

ዘጋች። ሰባት ሰዓት እስኪሞላ ጠበቀች፣ ምክንያቱም ናዚፋ ትሻገራለች፣ ሕዝቡን ሰንጥቃ ትገባለች፣ ትነግረዋለች፣ ይሰማል፣ ይወርዳል። ከላይ ቤት የሚኖሩት ሰዎች ወንበር ጎተቱ፣ ክው አለች። ማቀዝቀዣው ያጉረመርማል። ጎማ ሲሽከረከር ይሰማታል፣ ያ የቀጭን ጎማ ሽርታ፣ በአዳራሹ ሌሊት ሌሊት የሚሰማት፣ ማንም ሳይኖር፣ አሁን ግን ኮረት አስፋልት ላይ ነው፣ ፍጥነት ይጨምራል፣ ገነነ አንገቱን ደፍቶ በሁለት እጁ ጎማውን እየመታ ይወርዳል፣ ሕዝቡ ሁለት ወገን ቆሞ ያጨበጭባል፣ ብረቷ ሳታሰማ ትለያለች፣ እሷ ከኋላው እየሮጠች ነው፣ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ጀርባዋ ባዶ ነው፣ አትደርስም። ተነስታ ተቀመጠች። እጇ ላይ አረንጓዴ ቀለም ያለ መስሏት አየች። የለም። በሐምሌ ነው የታጠበው።

ደወለች። ናዚፋ እየሳቀች አነሳችው።

«አለቀ! ሁሉ ነገር አለቀለት፣ አሁን ተኚ። እናትሽ ሕልሙን ሲሰሙ ነጠላቸውን ጥለው ሮጡ፣ የማርያምን ጠበል አምጥተው ወንበሩን ከላይ እስከ ታች አጠቡት። መስቀልም አሰሩበት፣ እዚያው ብረቱ ሲሰበር አየሁ ያልሽው ላይ፣ በጥቁር ክር፣ ጥብቅ አድርገው። እኔም በበኩሌ ቢስሚላህ ብየበታለሁ። በሁለት በኩል ተጠብቋል፣ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«አይንዳ ነው እኮ ያልሁሽ!»

«ኧረ ተይ አንች ልጅ! ይኼ ሁሉ ሰው ወጥቶ? ወንድምሽ ምን እንዳለሽ ልንገርሽ? እታለም ራቷን ሳትበላ ተኝታ ነው፣ ባዶ ሆድ እንዲህ ያሳያል፣ በልተሽ ተኚ በያት አለ። እሽ፣ ደንበኛ ቆሞብኛል።»

ተቋረጠ።

ገባቸው። እንደ ሕልም ገባቸው፣ ለሕልም የሚደረገውን ሁሉ አደረጉለት። ጠበሉ ስንጥቁ ውስጥ ገብቷል። መስቀሉ ስንጥቁ ላይ ታስሯል። የእናቷ ጣቶች እዚያ ብረት ላይ ነበሩ፣ ክሩን ሲያጠብቁ፣ ቀለሙ ነው ያታለላቸው።

ያን ጊዜ አንድ ሐሳብ መጣባት፣ ከሐሳብ ሁሉ ያስፈራት እሱ ነው። አራት ወር ችሎ የለም እንዴ፣ አለች። አሥራ አንድ ሰው ተሸክሞ። ዛሬ ለይቶ ለምን ይሰበራል? ዛሬን ቢያልፍ ነገ ቀስ ብላ ለብቻው ትነግረዋለች፣ ማንም ሳይሰማ፣ ወንበሩን ይተወዋል፣ ስሟም ስም ሆኖ ይቀራል። ሐሳቡ ለስላሳ ነበር፣ እንደ ትራስ። ጭንቅላቷን አስደገፈችበት። ግማሽ ሰዓት ያህል፣ ከዚያ በላይም ይሆናል፣ ወንድሟን በስሟ ስትመዝነው ቆየች፤ መመዘኗን ስታውቅ ከአልጋው ወርዳ ወለሉ ላይ ቆመች፣ በባዶ እግሯ።

ሰባት ሰዓት ከአርባ። መስመሩ አልገባም አላት። ደገመች። ሴትዮዋ። ደገመች። ዝምታ። ከመደወያ ካርዱ ጀርባ ያለው ቁጥር በዓይኗ ውስጥ ይደንሳል፣ አንድ ቁጥር ትስታለች፣ ከመጀመሪያው ትጀምራለች። ሰባት ሰዓት ከሃምሳ ሁለት ላይ ጠራ።

«ናዚፋ፣ ሩጭ። ስልኩን ለገነነ ስጭው። አትጠይቂኝ። ሩጭ!»

ናዚፋ ለመጀመሪያ ጊዜ አልቀለደችም። የሩጫዋ ትንፋሽ ተሰማ፣ የባጃጅ ጥሩምባ፣ የጄኔሬተር ጉርምርምታ፣ በሞንታርቦ የሚጮህ የአንድ ሰው ድምፅ፣ የናዚፋ «አሳልፉኝ! በአላህ አሳልፉኝ!»፣ ከዚያ፣

«እታለም! ትሰሚኛለሽ? ሕዝቡን ትሰሚዋለሽ?»

«ገነነ፣ ሕልም አላየሁም። አልተኛሁም ጭራሽ። ወንበሩ ስንጥቅ ነው።»

«ምን?»

«አልገዛሁትም። ከሚጣል ዕቃ ነው ያነሳሁት። አትቀመጡበት የሚል ቀይ ወረቀት ነበረው፣ እኔ ነኝ የላጥሁት። ስንጥቁን ቀለም የቀባሁት እኔ ነኝ።»

ሞንታርቦው ስለ መንግሥት ድጋፍ ያወራል።

«የት ላይ ነው?» አለ ገነነ።

«እማየ መስቀሉን ካሰረችበት በታች። በጥፍርህ ፋቀው።»

ሲፍቅ ተሰማት። ወይም የተሰማት መሰላት። ረጅም ጊዜ ነው።

«አገኘኋት» አለ። ቀስ ብሎ፣ እንደ ሕፃን። ከዚያም፣ «ሌላ ማን ሰማሽ?»

«ማንም።»

«እንግዲያው ማንም አይስማ።»

ስልኩ ልብሱ ላይ ተደገፈ፣ ድምፁ እንደ ድርብ ልብስ ወፈረባት፣ ቃሉ ግን ተለይቶ ተሰማት፣ «ጎበዝ! እኔ አልነዳም! እህቴ ክፉ ሕልም አይታብኛለች፣ ልቤ ፈርቷል!»

ሳቁ መጣ። «ለሕልም?» «ጠበሉስ?» «ቁጥር አንድ ወረደች!» የስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ሰውየ፣ «ኧረ እባክህ ገነነ፣ ከዞን የመጣ ሰው ቆሟል» ሲል ተሰማ። ያምሮት ግንባሯን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ሳቁን ተቀበለችው። ስሟን በስሙ ከፈለው። ሕይወቱ ግን ተርፏል፣ ሕይወቱ ተርፏል።

«አምጣት ለኔ!» አለ አንድ ድምፅ። ተስፋው ነው፣ ባለ ምርኩዙ። «ለኔ ማንም ሕልም አላየልኝም! አምጣት እኔ እነዳታለሁ!»

ሕዝቡ አጨበጨበ።

«ተስፋው፣ ተው» አለ ገነነ።

«ምን ተው አለው? ለራስህ ፈራህ፣ ለኔ ደግሞ ቀናህ? እሰሩኝ ጎበዝ፣ ጥብቅ አድርጋችሁ!»

የማሰሪያው ድምፅ ይሰማል። አንድ ሰው ይቆጥራል። ገነነ ስልኩን ወደ አፉ አመጣ፤ ትንፋሹ ተቆራርጧል፣ በሕይወቷ ፈርቶ ሰምታው አታውቅም።

«እታለም፣ ምን ልበላቸው?»

«ስልኩን የሞንታርቦው ማይክ ላይ ያዘው።»

«ሁሉም ይሰማል እኮ። እማየ እዚህ ቆማለች።»

«ያዘው።»

ጩኸት፣ ፉጨት፣ ከዚያ ጸጥታ። ያምሮት ምራቋን ዋጠች፣ ከመናኸሪያው ምራቋን ስትውጥ ተሰማ። «እኔ ያምሮት ነኝ፣ የእማዋይሽ ልጅ» አለች፣ ግማሽ ትንፋሽ ቆይቶ ፍኖተ ሰላም ላይ አንዲት የማታውቃት ሴት በወፍራም ድምፅ እኔ ያምሮት ነኝ አለች። ቀጠለች። ሴትዮዋም እየተከተለች ቀጠለች፣ ወንበሩን አልገዛሁትም፣ ገዛሁ ብየ ዋሸሁ፣ ተሰንጥቆ የተጣለ ነው፣ ማንም እንዳይቀመጥበት የተጻፈውን እኔ ላጥሁት፣ ሕልምም አላየሁም፣ ወንድሜ ፈሪ አይደለም፣ ለኔ ብሎ ነው፣ በዚያ ቁልቁለት አትልቀቁት፣ ተስፋው ውረድ። ውረድ፣ አለች ሴትዮዋ ከመናኸሪያው፣ ከሁሉ በኋላ፣ ብቻዋን።

አንድ በሬ ወይም ባጃጅ ጮኸ።

«ታዲያ ምን ቆማችሁ ታዩኛላችሁ?» አለ ተስፋው። «ፍቱኝ እንጅ!»

ጥቂት ሰዎች ሳቁ፣ እንደ ሳል ያለ ሳቅ። ያምሮት በሳቁ መሃል የአንዲት ሴት ድምፅ ፈለገች። ጆሮዋን እስኪያማት ስልኩን ተጭና ፈለገች። እማዋይሽ አልሳቀችም፣ አላለቀሰችም፣ የት እንደቆመች እንኳ አይሰማም። ታከለ ገመዱን እየጠየቀ ነው፣ «ወንበር የለም አላችሁ፣ መንገዱ አለ ወይስ እሱም ተሰንጥቋል?» ካርዱ አለቀ።

ስምንት ሰዓት ከሦስት። ስምንት ሰዓት ከአሥር። እየሮጡ ይሆናል። ገነነ መሬት ላይ ተቀምጦ ያያቸው ይሆናል። ስለ እሱ የነበረው ፍርሃት ከደረቷ ለቀቀ፣ ቦታው ግን ባዶ አልቀረም፣ ሌላ ፍርሃት እየተንፏቀቀ ገባበት፦ ሰንበቴው፣ ምርቃቱ፣ እናቷ ወደ ቤት የምትመለስበት መንገድ፣ ከመናኸሪያው እስከ ደጃቸው፣ ሰው ሁሉ በር ላይ ቆሞ።

ስልኩ ጮኸ። የአገር ቤት ቁጥር ነው፣ የናዚፋ። ከአገር ቤት የሚደውልላት ሰው አንዴ አስጩኾ ይዘጋል፣ እሷ መልሳ ትደውላለች፣ ሁልጊዜም እንዲህ ነው፣ እንዲዘጋ ጠበቀችው። ሁለተኛ ጮኸ። ሦስተኛ። ለመሳደብ ቢሆን ናዚፋ ናት፣ ለማልቀስ ቢሆን ገነነ ነው፤ አራተኛ ሲጮህ ግን እናቷ እንደሆነች አወቀች፣ በናዚፋ ስልክ፣ በናዚፋ ቆጣሪ፣ እስኪነሳላት ድረስ ላትዘጋው። አምስተኛ ጮኸ።

«አቤት፣ እማየ» አለች።